ሰውን ሳይከፍቱ ማየት፦ ከአድዋ ጥይት እስከ ሲቲ ስካን

ስለ አድዋ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው የውጫሌን ውል፣ የጦሩን አሰላለፍና የጀግኖቹን ስም ነው። ዛሬ ግን ከዚያው ጦርነት ወጥቶ በሕክምና ታሪክ ውስጥ የገባ አንድ ትንሽ ነገር ላንሣ። ጦርነቱ ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1896፣ ጁዜፔ አልቫሮ የሚባል የጣልያን ወታደራዊ ሐኪም ኔፕልስ ከተማ ባለው የጦር ሆስፒታል ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በአዲስ መሣሪያ አነሣ። ጥይቶቹ የት እንዳሉ ታዩ። ኤክስሬይ፣ እኛ ራጅ የምንለው ማለት ነው፣ በጦርነት ለቆሰለ ሰው አገለገለ ተብሎ በታሪክ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ተማሪዎች እንዳይደናገሩ።)

መሣሪያው ገና የስድስት ወር ዕድሜ ነበረው። ቪልሄልም ሮንትገን የሚባል ጀርመናዊ የፊዚክስ መምህር ኅዳር 8 ቀን 1895 ማታ ቩርዝቡርግ ላይ በቤተ ሙከራው ሲሠራ፣ በጥቁር ካርቶን የተሸፈነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ራቅ ብሎ የነበረ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ብርሃን በካርቶኑ ማለፍ አይችልም። ታዲያ ምንድን ነው ያለፈው? ምንነቱን ስላላወቀ "ኤክስ" አለው፤ በአልጀብራ ያልታወቀውን ነገር ኤክስ እንደምንለው። ከስድስት ሳምንት በኋላ የባለቤቱን የአናን እጅ አነሣ፤ አጥንቷና የጣት ቀለበቷ ታየ። በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ፤ በግኝቱም ላይ የባለቤትነት መብት አላወጣም። ማንም ሰው እንዲሠራበት ተወው ማለት ነው። ኔፕልስ ድረስ በስድስት ወር የደረሰውም በከፊል በዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ራጅ አጥንትና ብረት ያሳያል። ጨረሩ በአጥንት በደንብ አያልፍም፣ በሥጋ ግን ያልፋል። ስለዚህ የተሰበረ እግርና የገባ ጥይት ጥሩ ሆኖ ይታያል። በአንጎል ውስጥ ያለ ዕጢ ወይም የተዘጋ የደም ሥር ግን አይታይም፤ ዕጢውም ደሙም ሥጋውም ለጨረሩ አንድ ዓይነት ናቸው። ካንሰርና የደም ሥር በሽታ ከራጅ የተሰወሩት ለዚህ ነው። ሐኪሞች ይህን መጋረጃ ለመግለጥ ሰባ አምስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እሱ ነው።

መጋረጃው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለማየት ከእኛው ታሪክ አንድ ምሳሌ ይበቃል። የአድዋው ድል አድራጊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው የሞቱት በደም ሥር በሽታ ነው ማለት ይቻላል። ስትሮክ ደጋግሞ መታቸው፤ በ1909 የመታቸው ደግሞ ሽባ አድርጎና አንደበታቸውን ይዞ አልጋ ላይ ጣላቸው። እስከ ታኅሣሥ 1913 ድረስ እንደዚያው ቆዩ። የውጭ አገር ሐኪሞች ቤተ መንግሥት ነበሩ። ግን በንጉሡ ራስ ቅል ውስጥ የትኛው ሥር እንደተዘጋ ወይም እንደፈሰሰ ማን ያያል? መርዝ ነው የሚል ወሬ እንኳ ተነሥቶ ነበር። ማየት በማይቻልበት ቦታ ወሬ ይበዛል። በፓሪስም ሆነ በበርሊን ያለ ሀብታም በዚያን ጊዜ ከምኒልክ የተሻለ ምርመራ አያገኝም ነበር።

የደም ሥርን በራጅ ማሳየት እንደሚቻል ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በጥር 1896 ሃሼክና ሊንደንታል የተባሉ ሁለት የቪየና ሰዎች ከሬሳ የተቆረጠ እጅ ወስደው በሥሮቹ ውስጥ ጨረር የማያሳልፍ ፈሳሽ ሞልተው አነሡት። ሥሮቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሆነው ወጡ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሥሩ ካልታየ ሥሩን በሚታይ ነገር ሙላው። ችግሩ የሞሉት ነገር ሕይወት ያለውን ሰው የሚገድል መሆኑ ነበር።

ለሕያው ሰው የሚሆን ፈሳሽ ፍለጋው ሠላሳ ዓመት ወሰደ። ሊዝበን ላይ ኤጋስ ሞኒዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሐኪም የአንጎል ዕጢን ለማግኘት አንድ ሐሳብ መጣለት። ዕጢው ራሱ ባይታይ፣ በአጠገቡ ያሉትን የደም ሥሮች ገፍቶ ያጣምማቸዋል፤ ስለዚህ ሥሮቹ ከታዩ ዕጢው ያለበት ቦታ ይታወቃል። ሰኔ 28 ቀን 1927 በአንገት በኩል ባለው ደም ወሳጅ ሥር አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ሰጥቶ የሕያው ሰው የአንጎል ሥር ፎቶ አገኘ። ከዚያ በፊት በሌላ ፈሳሽ ሲሞክር አንድ ሕመምተኛ ሞቶበታል። ሞኒዝ በኋላ ኖቤል የተሸለመው በዚህ ሥራ ሳይሆን አንጎልን ቆርጦ የአእምሮ ሕመም ለማከም በሞከረው ሥራ ነው፤ ያ ደግሞ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያፍርበት ሕክምና ሆኗል። የሚያኮራው ሥራው ሳይሸለም፣ የሚያሳፍረው ተሸለመ።

ከዚያ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቶሮትራስት የሚባል ፈሳሽ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ገባ። ሞኒዝም ተጠቅሞበታል። ፎቶው እጅግ ጥሩ ነበር፤ ሕመምተኛውም ሲወጉት አያመውም። ውስጡ ያለው ግን ቶሪየም ነው፤ ራሱ ጨረር የሚረጭ ማዕድን። ቶሪየም ከሰውነት አይወጣም፤ በጉበትና በጣፊያ ተቀምጦ ለዓመታት ጨረር ይረጫል። ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያ ሰዎች በጉበት ካንሰር መያዝ ጀመሩ። በ1950ዎቹ መድኃኒቱ ተተወ። የደም ሥር በሽታን ለመመርመር የተሰጠ ነገር ካንሰር አስከተለ። የዛሬዎቹ ፈሳሾች በአዮዲን የሚሠሩና በኩላሊት በኩል የሚወጡ የሆኑት፣ ሐኪሙም ከምርመራው በፊት ስለ ኩላሊታችሁና ስለ አለርጂ የሚጠይቃችሁ፣ ያለ ምክንያት አይደለም። ስትጠየቁ በትክክል መልሱ።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተማሪዎች በጣም የሚወዱት ታሪክ ነው።

በ1929 ቬርነር ፎርስማን የ25 ዓመት ወጣት ሐኪም ነበር፤ በበርሊን አጠገብ ኤበርስቫልደ በምትባል ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ይሠራል። በመጽሐፍ ላይ አንድ ሥዕል አይቷል፦ የፈረስ አንገት ሥር በኩል ቱቦ ገብቶ ልብ ውስጥ ሲደርስ። ፈረሱ አልሞተም። ፈረስ ካልሞተ ሰው ለምን ይሞታል? ብሎ አለቃውን ፈቃድ ጠየቀ። አለቃው ከለከለው። ራሴ ላይ ልሞክር ቢልም አሁንም ከለከለው።

ቱቦና መሣሪያ የተቆለፈበት ቁልፍ ያለው በነርሷ በጌርዳ ዲትሰን እጅ ነው። ፎርስማን ለብዙ ቀናት አግባብቶ ሐሳቡን አሳመናት፤ እንዲያውም በእኔ ላይ ሞክር አለችው። እሺ ብሎ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ እጇንና እግሯን አሰረ። እሷ የራሷን ክንድ የሚያዘጋጅ ሲመስላት እሱ ከኋላዋ የራሱን የግራ ክንድ አደነዘዘ፣ ደም መላሹን ሥር ከፈተ፣ ለሽንት ቧንቧ የሚያገለግለውን ቀጭን ካቴተር አስገባ። ስታውቅ ተናደደች። ከፈታት በኋላ ግን አብራው ደረጃ ወርዳ ወደ ራጅ ክፍል ሄዱ። አንድ ጓደኛው ሮጦ ቱቦውን ሊነቅልበት ሞከረ፤ ፎርስማን ተከላክሎ፣ በመስታወት የራጁን ሰሌዳ እያየ ካቴተሩን እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ገፋው። ጫፉ በልቡ የቀኝ ጓዳ ውስጥ ታየ። ፎቶ አስነሣ።

ሽልማት አገኘ? አላገኘም። ጽሑፉ በኅዳር 1929 ሲወጣ ትልልቆቹ ሐኪሞች አልተቀበሉትም፤ በርሊን ካለው ትልቅ ሆስፒታልም ተሰናበተ። የልብ ሕክምናን ትቶ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ሆነ። በ1932 የናዚ ፓርቲ አባል መሆኑንም አብረን መጻፍ አለብን፤ በአንድ ሌሊት የታየ ጀግንነት የሰውን ሕይወት ሁሉ አያጸዳም። በባሕር ማዶ ግን ጽሑፉን ያነበቡ ነበሩ። ኒው ዮርክ ውስጥ አንድሬ ኩርናንድና ዲክንሰን ሪቻርድስ የእሱን መንገድ ይዘው ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የልብን ግፊትና የደሙን ኦክስጅን መለካት ጀመሩ። በ1956 ሦስቱም ኖቤል ሲጋሩ ፎርስማን በትንሽ ከተማ የሚሠራ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ሐኪም ነበር።

እስካሁን ያለው ሁሉ ማየት ነው። እዚህ ካምፕ ውስጥም "ራጅ ተነሣሁ" ሲባል "ታከምኩ" ማለት የሚመስለው ሰው አለ። ፎቶ አያድንም፤ የት እንደሆነ ይናገራል እንጂ። በደም ሥር ሕክምና ግን የሚገርመው፣ ለማየት የገባው ቱቦ ራሱ ቆይቶ ማከሚያ ሆነ። ስዊድናዊው ሴልዲንገር በ1953 ሥሩን ሳይከፍቱ በመርፌ ወግቶ በመርፌው ቀጭን ሽቦ በማስገባት ካቴተሩን በሽቦው ላይ የማሳለፍን ዘዴ አወጣ። ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ በኦሪገን ቻርልስ ዶተር የሚባል የራጅ ሐኪም ፎቶ ሊያነሣ ያስገባው ካቴተር ሳያስበው የተዘጋ ደም ወሳጅ ሥር ሰንጥቆ አለፈ። ሥሩ ተከፈተ! ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ዝም ይል ነበር፤ ዶተር ግን ሆን ብዬ ላድርገው አለ። ጥር 16 ቀን 1964 አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት እግራቸው ደም አጥቶ ጣታቸው ጋንግሪን ጀምሮታል። ሐኪሞቹ ይቆረጥ አሉ፤ እሳቸው አይቆረጥም ብለው እምቢ አሉ። ዶተር በጭናቸው ሥር በጠበበው ቦታ እየወፈሩ የሚሄዱ ካቴተሮችን አሳለፈ። እግሩ ሞቀ፣ ቁስሉ ዳነ፣ እሳቸውም በገዛ እግራቸው እየሄዱ ከሁለት ዓመት በላይ ኖሩ። ዶተር መሣሪያውን የሚሠራው ከጊታር ክርና ከመኪና የፍጥነት ቆጣሪ ገመድ ጭምር ነበር። አገሩ ውስጥ ያሉ ቀዶ ጠጋኞች "እብዱ" ይሉት ነበር። አውሮፓ ውስጥ ግን ተከታይ አገኘ።

ከተከታዮቹ አንዱ አንድሬያስ ግሩንትሲግ ነው፤ ተወልዶ ያደገው በምሥራቅ ጀርመን፣ የሚሠራው ዙሪክ። ካቴተሩን እያወፈሩ ከመግፋት ይልቅ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ አድርጎ በጠበበው ቦታ መንፋት አሰበ። ፊኛው ግን እንደ ልጆች ፊኛ ዝም ብሎ የሚያብጥ ከሆነ ሥሩን ይቀደዋል፤ እስከ ተወሰነ ውፍረት ደርሶ የሚቆም መሆን አለበት። ይህን ፊኛ በቤቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከባለቤቱና ከረዳቱ ጋር ማታ ማታ እየቆረጡና እያጣበቁ ሠሩት። መጀመሪያ በእግር ሥር ሞከረ። መስከረም 16 ቀን 1977 ደግሞ ለአንድ የ38 ዓመት ሰው የልብን ደም ወሳጅ ሥር፣ ደረቱ ሳይከፈት፣ ሰውየው ነቅቶ እያየ፣ በፊኛ ከፈተለት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1986 ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ውስጥ ሥሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚደግፍ የብረት መረብ፣ ስቴንት የሚባለው፣ ተጨመረበት። ግሩንትሲግ ያንን አላየም፤ በ1985 እሱና ባለቤቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ዶተርም የሞተው በዚያው ዓመት ነው።

ወደ ካንሰር እንመለስ። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ አፍሪካ ይመጣል፤ የሒሳብ መምህራንም ደስ ይላችኋል።

አለን ኮርማክ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። በ1955 የከተማው ሆስፒታል፣ ግሩት ስኹር፣ የፊዚክስ ባለሙያው ሥራ ለቀቀበት። ሕጉ ደግሞ ጨረር የሚረጩ ነገሮችን የሚቆጣጠር ባለሙያ የግድ ይላል። ኮርማክ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እየሄደ እንዲሸፍን ተጠየቀ። እዚያ ሆኖ ለካንሰር ሕመምተኞች የጨረር መጠን ሲታቀድ አየ። ሐኪሞቹ የሰው ሰውነት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር እንደሆነ አድርገው ነበር የሚያሰሉት። ግን አጥንት አለ፣ ሥጋ አለ፣ አየር የሞላበት ሳንባ አለ፤ እያንዳንዱ ጨረሩን የሚያስቀረው በልዩ ልዩ መጠን ነው። ኮርማክ ጥያቄውን እንዲህ አደረገው፦ ከውጭ ብቻ እየለካሁ በውስጥ በእያንዳንዱ ነጥብ ያለውን ማወቅ እችላለሁ?

ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ልታሳዩት ትችላላችሁ። አራት ቤት ያለው ካሬ ሥሩ፤ ከላይ ሀ እና ለ፣ ከታች ሐ እና መ። በየቤቱ ቁጥር ተደብቋል። የላይኛው ረድፍ ድምር 7፣ የታችኛው 10፣ የግራው ዓምድ 8፣ የቀኙ 9 ነው። ቁጥሮቹን አግኙ በሏቸው። አንዱ ተማሪ 4፣ 3፣ 4፣ 6 ይላል፤ ልክ ነው። ሌላው 5፣ 2፣ 3፣ 7 ይላል፤ እሱም ልክ ነው። አሁን አንድ ተጨማሪ መለኪያ ስጧቸው፦ ከሀ ወደ መ በሰያፍ ሲታይ ድምሩ 12 ነው። መልሱ አንድ ብቻ ሆነ፤ 5፣ 2፣ 3፣ 7። ተራ ራጅ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወስድ ድምር ነው፤ ዕጢው በድምሩ ውስጥ ይደበቃል። ከብዙ አቅጣጫ ከለካችሁ ግን የእያንዳንዱ ቤት ቁጥር ይወጣል። ሲቲ ስካን ማለት በአጭሩ ይኼው ነው። ማሽኑ በሕመምተኛው ዙሪያ የሚዞረው ሰያፎቹን ለመሰብሰብ ነው።

ኮርማክ ሒሳቡን ሠርቶ በእንጨት በተከበበ የአሉሚኒየም ክብ ላይ ሞከረው፤ ሠራ። በ1963 እና በ1964 አሳተመው። ማንም አልሰማውም ማለት ይቻላል። ጽሑፍህን ላክልን ብለው ከጠየቁት ጥቂቶች መካከል እሱ ራሱ በጣም የገረመው የስዊዘርላንድ የበረዶ ናዳ ጥናት ማዕከል ነበር! ኋላ ደግሞ ዮሐን ራዶን የሚባል ኦስትሪያዊ የሒሳብ ሊቅ ያንኑ ጥያቄ በ1917 እንደፈታው ተገኘ፤ ለሕክምና ሳይሆን ለሒሳብ ብሎ።

ማሽኑን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ የኮርማክንም ሥራ አያውቅም። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ እንግሊዝ አገር በእርሻ መንደር ያደገ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሌለው፣ በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይል ራዳር የተማረ መሐንዲስ ነበር፤ የሚሠራው የሙዚቃ ሸክላ በሚያትም ኩባንያ ውስጥ። የመጀመሪያው ሙከራው አንድ ፎቶ ለማንሣት ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ 28,000 ልኬት ተሰብስቦ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰዓት ተኩል አሰላው። ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል የአንጎል ዕጢ የተጠረጠረባት ሴት ራስ በማሽኑ ገባ። ፎቶው በ80 በ80፣ ማለት በ6,400 ቤቶች የተሠራ ነበር፤ የእኛ ባለ አራት ቤት ካሬ ታላቅ ወንድም። ዕጢው ታየ። በ1979 ኮርማክና ሃውንስፊልድ የሕክምና ኖቤልን ተካፈሉ፤ ሁለቱም የሕክምና ዶክተሮች አልነበሩም። ዛሬ አንድ ሰው በስትሮክ ሲመታ ሥሩ ተዘግቶ ይሁን ፈስሶ በደቂቃዎች የሚለየው በዚህ ማሽን ነው። ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው፤ ለተዘጋው የሚሰጠው ደም ማሟሚያ መድኃኒት ለፈሰሰው ቢሰጥ ይገድላል።

ዕጢው ከታየ በኋላስ? ጨረር ካንሰርን እንደሚያቃጥል ከኩሪ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል፤ የሠራተኞቹንም ሥጋ እንደሚያቃጥል እንዲሁ። በ1936 ሃምቡርግ ላይ በጨረር ሥራ ለሞቱ ሰዎች ሐውልት ሲቆም የ169 ሰዎች ስም ተቀርጾበት ነበር። በጥልቀት ያለን ዕጢ ቆዳ ሳይቃጠል መድረስ የተቻለው በስፋት ከ1951 ወዲህ ነው፤ በዚያ ዓመት ካናዳ ውስጥ በሁለት ከተሞች፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት፣ በኮባልት 60 ማከም ተጀመረ። ኮባልቱ በኑክሌር ማብላያ ውስጥ የተሠራ ነው። ማሽኑ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ወደ ድሃ አገሮችም ገባ።

አንድ ጠባይ ግን አለው። ኮባልት 60 በየ5.27 ዓመቱ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሕመምተኛ ኖረም አልኖረም፣ ማሽኑ ተከፈተም ተዘጋም። ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል በ1995 የገባ የኮባልት ማሽን ነበር፤ ለዩጋንዳ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት አገሮች ለሚመጡም ያገለግል ነበር። በ2016 ተበላሸና ሊጠገን የማይችል ሆነ። የጨረር ሕክምና የጀመሩ ሰዎች መንገድ ላይ ቀሩ። ናይሮቢ ያለ አንድ ሆስፒታል 400 ሕመምተኞችን በነፃ ላክም አለ፤ የቀሩት ግን ብዙ ነበሩ። አዲሱ ማሽን ሥራ የጀመረው በ2018 መጀመሪያ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ለሃያ ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋው ወራት ይቆጠርበታል፣ ዕጢ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ቦታዎችም አዳዲስ ማሽኖች ገብተዋል፤ እነዚህኞቹ ኮባልት አያስፈልጋቸውም፣ የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክ ግን ይፈልጋሉ።

ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ልተው፦ አንድ የኮባልት ምንጭ አዲስ ሳለ ለአንድ ሕመምተኛ 2 ደቂቃ ይበቃው ነበር እንበል። ምንጩ ሳይቀየር 21 ዓመት ቢቆይ ያው ሕመምተኛ ስንት ደቂቃ ይተኛል? በአንድ የስምንት ሰዓት ቀንስ ስንት ሰው ይታከማል?